የቡኢው ዜሮ

ኢትዮጵያ ገብረወልድን ሰው «ልጅ አለሽ ወይ?» ብሎ ሲጠይቃት «የለኝም፤ ወልጄም አላውቅ» ትል ነበር። ድምፅዋ አይለወጥም፣ ፊቷም እንደዚያው ነው። ቡታጅራ ከገበያው በላይ በተከራየናት አንዲት ክፍል አብረን ስንኖር እኔም ጠይቄያት ይህንኑ መልሳልኛለች፤ አምኛትም ነበር። ዛሬ ሳስበው ዋሸችኝ ለማለት አፌ አይደፍርም። ያኔ እሷ ራሷ እውነቱን የተናገረች ነበር የሚመስላት።

እኔ ከድጄ እባላለሁ፤ እዚሁ ቡታጅራ ዙሪያ ካለው ከመስቃን አገር ነኝ። አባቴ በርበሬ ነጋዴ ነበር። እስከ ስምንተኛ ክፍል ያስተማረኝ ለትምህርት አልቅሼበት አይደለም፤ ሱቁን የሚይዝለት ፊደል የቆጠረ ሰው ፈልጎ ነው። እኔ ደግሞ ስምንተኛን እንደጨረስኩ ጤና ጣቢያ ገብቼ ቁጭ አልኩ። ኩርፊያውን ስችል ኖሬያለሁ።

ኢትዮጵያ የቡኢ አካባቢ ልጅ ነበረች። ገና በልጅነቷ ተድራ፣ ባሏ ለንግድ አዲስ አበባ እንደወጣ እዚያው ቀለጠ። ወሬው ሲጠፋ አጎቷ ወደ ቡታጅራ አምጥቶ ያቋረጠችውን ትምህርት አስቀጠላት። በዕድሜ ትበልጠኛለች፣ በክፍል ግን እኩል ነበርን፤ ረዳት ነርስ ለመሆንም አንድ ላይ ሰለጠንን። እሷ ክርስቲያን፣ እኔ ሙስሊም ስለሆንን የሥጋ ድስታችን ለየብቻ ነበር፤ የቀረው ሁሉ የጋራ ነው። ጠባያችን ግን ለየቅል ነው። እኔ ሳላስብ እናገራለሁ፤ እሷ አስባም አትናገርም።

በ1963 ዓ.ም. አቶ ሸረፋ የሚባሉ፣ ጎንደር የጤና ትምህርት የተማሩ የወልቂጤ ሰው ወደ እኛ ጤና ጣቢያ ተመደቡ። ቀጭን፣ ረጋ ያሉ፣ ሲስቁ እንኳ ድምፅ የማያሰሙ ሰው ነበሩ። እንደመጡ የመድኃኒት ዕቃ ቤቱን እኩሌታ አስለቅቀው ጥቁር ሰሌዳ አቆሙና ስታቲስቲክስ ላስተምራችሁ ነው አሉን። ቃሉን ከአፋችን ማውጣት ራሱ አንድ ትምህርት ሆነብን። ቁስል ለማጠብና መርፌ ለመውጋት የተቀጠርን ሰዎች ሂሳብ ምን ያደርግልናል ብዬ አጉረመረምኩ። ከሱቅ ሂሳብ ሸሽቼ ብመጣ፣ እዚህም ደርሶ ያዘኝ።

የመጀመሪያው ትምህርታችን ክብደት ነበር። ጤና ጣቢያው የሕፃን ሚዛን ስላልነበረው አባቴን ለምኜ የማረቆ በርበሬ የሚመዝንበትን ሚዛን አመጣሁ። ምንም ያህል ብናጥበው ሽታው አልለቅ አለ። የተመዘነው ሕፃን ሁሉ ሲያስነጥስ፣ እናቶቹ ሲስቁ፣ እኛ ክብደቱን እየጻፍን አማካይ ማውጣት ተማርን። አቶ ሸረፋ የአንድ ሕፃን ክብደት የሚናገረው ስለዚያ ሕፃን ብቻ ነው፣ የብዙዎቹ ግን ስለ አገሩ ይናገራል ይሉን ነበር። ከዚያ ላዕልና ታህት የሚባሉት፣ የክፍልፋይ የላይኛውና የታችኛው ቁጥር፣ መጡ። ብዙ ሕፃናት ሞቱ ብሎ መጮህ ብቻውን ምንም አይነግረንም፤ ከስንት ሕፃናት ነው የሞቱት? የታችኛው ቁጥር ካልታወቀ የላይኛው ተራ ወሬ ነው።

ናሙና የሚባለውን ያስረዱን በቆጮ ነው። ጉድጓድ ውስጥ የተቀበረ ቆጮ መብሰሉን የምታይ ሴት ከላይ ብቻ ቆንጥራ ትተወዋለች ወይ ብለው ጠየቁን። ሁላችንም ሳቅን። ከዳሩም፣ ከመሃሉም፣ ከሥሩም መቅመስ እንዳለባት የእንሰት አገር ሰው ያጣዋል? አገርም እንደዚያው ነው አሉ፤ መንገድ ዳር ያለውን ቤት ብቻ፣ የምታውቁትን ሰው ብቻ ጠይቃችሁ አገሩን አወቅነው አትበሉ። ስለዚህ የምንጠይቃቸው ቤቶች በዕጣ ወጡ፤ በቡኢ በኩል ያሉት ለኢትዮጵያ፣ በመስቃን በኩል ያሉት ለእኔ። በየቤቱ ስለተወለዱና ስለሞቱ ሕፃናት ነበር የምንጠይቀው። ዕጣው የአክስቴን ቤት ዘለለው። አክስቴ የናቅኋት መስሏት እስከ ዓረፋ አኮረፈችኝ።

ይህ ሁሉ ለትምህርት ብቻ አልነበረም። ለአካባቢው አዋላጅ ነርስ ልትመደብ ነው ተብሎ ነበር፤ አንዲት ብቻ። ወይ ቡኢ ትሆናለች፣ ወይ መስቃን። የምትሄደውም ሕፃናት በብዛት ወደሚሞቱበት ነው። እኔ ለመስቃን እንድትሆን እፈልግ ነበር፤ ይህንንም ለማንም አልደበቅሁም። እህቴ ሳሌሃ ምጥ ይዟት በሰው ትከሻ ተሸክመው ሲያመጧት፣ ሕፃኑ መንገድ ላይ ሲቀር፣ አይቻለሁ። ኢትዮጵያም ለቡኢ መመኘቷ አይቀርም፤ ግን እንደ ልማዷ ትንፍሽ አላለችም።

የሰበሰብነውን ይዘን ስንመለስ አቶ ሸረፋ ሰሌዳው ላይ ሰንጠረዥ አሰመሩ። በአንዱ መስመር ቡኢ፣ በሌላው መስቃን፤ ከላይ ደግሞ ሕፃናቱ የሞቱበት ዕድሜ፣ ወር ያልሞላቸው፣ ዓመት ያልሞላቸው፣ ከዚያ በላይ የሆኑ። ሳጥኖቹን እየጠየቁን ሞሉ። በመስቃን መስመር የመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ የገባው ቁጥር ከሁሉ ይበልጥ ነበር። በቡኢ መስመር የመጀመሪያው ሳጥን ውስጥ ግን ዜሮ ጻፉ። ከተጠየቁት የቡኢ ቤቶች ሁሉ ወር ሳይሞላው የሞተ አንድም ሕፃን የለም።

እኔ ደስ አለኝ፤ አዋላጇ የእኛ ሆነች ማለት ነው። ወዲያው ደግሞ ደስታዬ የሕፃናት ሞት መሆኑ ታወሰኝና ቀዘቀዝኩ። አቶ ሸረፋ ግን ጠመኔውን አላስቀመጡም። እሳቸው እንደሚያውቁት ሕፃን ከሁሉ ይልቅ የሚሞተው በመጀመሪያው ወር ነው። ቡኢ ግን በዚያ ወር ማንም አይሞትም፤ ከዚያ በኋላ እንደሌላው አገር ይሞታል። ኢትዮጵያን አልተቆጧትም። ምን ብላ እንደጠየቀች ብቻ ጠየቋት። በዚህ ቤት ስንት ልጅ ተወለደ፣ ስንቱ ሞተ ብዬ ነው አለች፤ እንደተማርነው።

«ዜሮ ስታዩ ቶሎ አትመኑት» አሉን። «ሞት ስለሌለ የተጻፈ ዜሮ አለ፤ ሞቱ ስላልተነገረ የተጻፈም አለ። ሰሌዳ ላይ ሁለቱም አንድ መልክ ናቸው።»

ኢትዮጵያ አንገቷን ደፍታ ወረቀቶቿን ሰበሰበች። እኔ ያፈረች መስሎኝ ነበር።

ለማጣራት ሁለታችንም አንድ ላይ ሆነን በሁለቱም በኩል እንድንመለስ ታዘዝን። አንዷ የለመደችውን ነገር ሌላዋ በእንግዳ ዓይን ታየዋለች ብለው ነው። በመስቃን ጀመርን። እኛ ዘንድ አልቅሶ የተወለደ ሕፃን ውሎ ባያድርም ስም ይወጣለታል፣ ተሰግዶበት ይቀበራል፤ እናቱም ስንት ሞተብሽ ስትባል እሱንም ትቆጥራለች። ሰፍያ የምትባል አንዲት እናት ተወልዶ በዕለቱ ስለሞተው ልጇ ስትነግረን ስሙንም ጨምራ ተናገረች። ኢትዮጵያ እርሳሷን አስቀምጣ፣ በዕለቱ ለሞተ ልጅ ስም ወጣለት ወይ ብላ እንደገና ጠየቀቻት። ታዲያ ያለ ስም እንዴት ይሆናል አለቻት ሰፍያ፤ ጥያቄው ራሱ ገርሟት። ብቻ የመስቃን ቁጥር ከፊተኛው ንቅንቅ አላለም።

ወደ ቡኢ የሄድን ቀን አውቶቡሱ ውስጥ እኔ መንገዱን ሙሉ ሳወራ እሷ በመስኮት ትመለከት ነበር። ዕጣ ሰው አይመርጥምና የእናቷ የወይዘሮ ብርሃኔ ቤት ከወጡት ቤቶች አንዱ ነበር፤ የምናድረውም እዚያ ስለሆነ መጀመሪያ ወደዚያው አመራን። ወይዘሮ ብርሃኔ ሙስሊም መሆኔን ሲሰሙ ሥጋ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ሸክላ አውጥተው ጎመንና አይብ በቆጮ አቀረቡልኝ። ደግ ሴት ናቸው፤ ብይ ብይ ማለታቸው ብቻ ነው ያስመረረኝ።

በልቼ ስጨርስ ወደ ጓሮ ወጣሁ። እንሰቱ በረድፍ የተተከለ፣ በደንብ የተኮተኮተ፣ ለዓይን የሚያስጎመጅ ነው። መሃሉ ላይ ግን አንዲት ያረጀች እንሰት አበባዋን አውጥታ ቆማለች። እንሰት የማያውቅ ሰው ቢያብብ ምን አለበት ይል ይሆናል። አበባ ካወጣ ግን ጉልበቱ ሁሉ ወደ አበባው ይሄድና ለቆጮ የሚሆነው ከንቱ ይቀራል። ባለሙያ ሴት እዚያ ሳይደርስ ነቅላ ትፍቀዋለች። ምላሴ ቀደመኝና ቀለድኩ። እኛ ዘንድ እንሰት ያበበባት ሴት የሰፈር መሳቂያ ናት፤ እማማ፣ ይቺን ማን ረሳት አልኳቸው።

ወይዘሮ ብርሃኔ አልሳቁም።

«አልተረሳችም» አሉ። «ከሥሯ ሰው አለ።»

ዞር ብዬ ኢትዮጵያን አየኋት። የጓሮውን በር መቃን ይዛ ቆማ ነበር። እናቷ ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን የቡኢ አካባቢ ሰዎች በሆኑት በሶዶዎቹ ቋንቋ ነገሩኝ፤ የእኛ ቋንቋ ለእነሱ ቅርብ ስለሆነ አላመለጠኝም። በእነሱ መንደር ወንድ በአርባ ቀኑ፣ ሴት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሳለች። ከዚያ በፊት ሕመም የጸናበትን ሕፃን ቄስ ከደረሰለት ያጠምቀዋል። ያልደረሰለት ግን ለቅሶ አይቀመጡለትም፣ ስም የለውም፤ ከጓሮ ይቀበርና በላዩ እንሰት ይተከልበታል። ያቺን እንሰት ማንም አይነቅላትም፣ አይፍቃትም፤ አብባ፣ ደርቃ፣ በራሷ ጊዜ ትወድቃለች። እናትየዋም ስንት ልጅ ወለድሽ ስትባል ያንን ሕፃን አትቆጥረውም። ማንም አትቁጠሪ ብሎ የከለከላት የለም፤ እናቷም አያቷም አልቆጠሩም፣ እሷም አትቆጥርም።

ኢትዮጵያ መጥታ እንሰቷ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለች። ወረቀቷን ጭኗ ላይ ዘረጋች። እናቷን እንደማንኛዋም ዕጣ እንደወጣላት እመቤት ጠየቀቻቸው።

«እማዬ፣ በዚህ ቤት ከክርስትና በፊት የሄዱት ስንት ናቸው?»

«የእኔን ነው ወይስ ያንቺን?» አሉ እናቷ። «የእኔ ሁለቱ ከወደ ታች ነበሩ፤ እንሰቶቻቸው ወድቀዋል። ይቺ ያንቺዋ ናት።»

 ኢትዮጵያ ቀስ ብላ ነገረችኝ፤ እኔን እያየች ሳይሆን መሬቱን እያየች። የመጀመሪያ ልጇን ለመውለድ ወደ እናቷ ቤት መጥታ ነበር። የተወለደችው ሴት ናት። ክረምት ነበር። ሦስት ሳምንት ያህል ቆይታ ሕፃኗ መጥባት አቆመች። ቄስ ሊጠራ የሄደው ሰው ወንዙ ሞልቶ ማዶ ቀረ። ሲመለስ ሁሉም ነገር አልቆ፣ እንሰቷም ተተክላ ነበር። ሴቶቹ አታልቅሺ፣ ገና ነሽ፣ ሌላ ትወልጃለሽ አሏት። ጡቷ ወተት አላቆም ብሎ በጨርቅ አሰሩላት። ወደ ባሏ ቤት ባዶ እጇን ስትመለስ ከጎረቤት አንድ ሰው እግዚአብሔር ያጥናሽ አላላትም፤ እንደዚያ የሚባለው ሰው ለሞተበት ነውና።

«አልደበቅሁም ከድጄ» አለችኝ። «ስጠይቃቸው የለም አሉኝ፤ እኔም የለም ብዬ ጻፍኩ። የእኔንም ብትጠይቂኝ የለም ነበር የምልሽ። ሰፍያ የልጇን ስም ስትጠራ ነው የእኔዋ የታወሰችኝ።»

እኛ ቤት ሰው ለሞተበት የሚባለውን አወጣሁ። «አላህ ያጥናሽ» አልኳት። ያን ጊዜ አለቀሰች። በዚያ ጓሮ ለዚያች ልጅ ሲለቀስ የመጀመሪያው ነበር። ወይዘሮ ብርሃኔ ጎረቤት እንዳይሰማ ዝም በይ ሊሏት ጀመሩ፤ ከዚያ ተዉት፣ ነጠላቸውን ዘቅዝቀው አጠገቧ ተቀመጡ።

በማግስቱ እኔ መፍትሔውን ያገኘሁ መሰለኝ። እንሰት ያበበበት ጓሮ ከሩቅ ይታያል፤ እነዚያን ቤቶች ብቻ ዞረን እንጠይቅ አልኳት። ኢትዮጵያ እንዲህ ከሆነማ ቆጮውን ከላይ ብቻ መቆንጠር ነው አለችኝ። እንሰቱ የወደቀበት አለ፣ መሬት ሸጦ የሄደ አለ፣ ሳይተክል የቀረም ይኖራል። ዕጣ የወጣላቸው ሁሉ ይጠየቃሉ፤ ያበበ እንሰት ኖረም አልኖረም። ከአቶ ሸረፋ የተማርነውን እኔ ያስታወስኩት ስታስታውሰኝ ነው።

ስለዚህ ቤት ሳንመርጥ ዞርን። የምትጠይቀው እሷ ነች፤ እንዴት እንደሚጠየቅ አሁን ታውቃለች። ስንት ሞተ አትልም። አልቅሶ ተወልዶ ክርስትና ሳይነሳ የሄደ አለ ወይ ትላለች፤ ከዚያ ዝም ብላ ትጠብቃለች። አንዳንዷ በሩን ትዘጋብናለች። አንዳንዷ ማንም እንዳይሰማት ወደ ጓሮ ይዛን ትሄዳለች። አዛውንት የሆኑ አንዲት ሴት የሄዱባቸውን ሕፃናት ከረጅም ጊዜ በኋላ ተመልሰው የመጡላቸው ልጆች ይመስል በየዕድሜያቸው ቆጠሩልን፤ ከዚያ ቢጻፉ ምን ይሆናሉ ብለው ጠየቁ። ኢትዮጵያ ምንም አይሆኑም እማማ፣ ይቆጠራሉ አለቻቸው። ሴትዮዋ ይሁን ብለው መረቁን። እኔ እዚያ ቤት ነው እንባዬን መያዝ ያቃተኝ።

ቡታጅራ ተመልሰን ዕቃ ቤቱ ውስጥ ስንሰበሰብ የመጀመሪያው ሰንጠረዥ ገና ሰሌዳው ላይ ነበር፤ ዜሮውም እንደተጻፈ አለ። ኢትዮጵያ ወረቀቶቹን አስረከበች። አንዱን ግን እጇ ላይ አስቀርታ ቆመች።

«ጋሼ፣ ይቺ የእኔ ናት» አለች። «የሞተችው በእናቴ ቤት ነው፤ ቤቱ ዕጣ ወጥቶለታል። ግን ክርስትና አልተነሳችም፣ ፍትሐት አልተደረገላትም። ስም የላትም። ስም የሌላት ትቆጠራለች?»

አቶ ሸረፋ ወረቀቱን ተቀበሏት። 

«ሰንጠረዡ ስም አይጠይቅም ልጄ» አሉ። «መወለዷንና መሞቷን ብቻ ነው የሚጠይቀው።»

ጠመኔውን ሰጧት። ዜሮውን በመዳፏ አጥፍታ አዲሱን ቁጥር ራሷ ጻፈች። ብዙ ሰው ቁጥር የሰውን ስም ያጠፋል ብሎ ያማርራል፤ እኔም ከሚያማርሩት አንዷ ነበርኩ። ያቺን ሕፃን ግን «ያለ ስምሽም ቢሆን ግቢ» ብሎ የተቀበላት ያ ሳጥን ብቻ ነው።

አዋላጅ ነርሷ ለቡኢ ሆነች፤ አዲሱ ቁጥር ከመስቃን በልጦ ነበርና። እውነቱን ልናገር፣ ተናደድኩ። የእህቴ የሳሌሃ ምጥ ዓይኔ ላይ እየመጣ ለጥቂት ቀን ኢትዮጵያን በቅጡ አላናገርኳትም። ግን ቤት ለቤት አብሬያት የዞርኩት እኔ፣ ስለዚያች እንሰት የቀለድኩትም እኔ ስለሆንኩ ቁጥሩ ሐሰት ነው ማለት አልቻልኩም። እሷም አልተኩራራችብኝም። በራሷ እጅ ለመስቃንም ሌላ አዋላጅ እንድትመደብ ማመልከቻ ጻፈችልኝ፤ መልሱ ሳይመጣ የጃንሆይ መንግሥት ራሱ ወደቀ።

ኢትዮጵያ አዋላጇን ለመርዳት ወደ ቡኢ ተዛወረች። የጓሮዋ እንሰት ደርቃ እንደወደቀች ከሰው ሰማሁ። በ1966 ዓ.ም. ልጠይቃት ሄጄ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት ቤት አብሬያት ገባሁ። ለሴትዮዋ የመጀመሪያ ልጇ ነበር፤ ፈርታ የኢትዮጵያን እጅ አልለቅም ብላ ያዘቻትና አንቺስ ልጅ አለሽ ወይ አለቻት። የድሮዋን መልስ ጠበቅሁ።

«አንዲት ነበረችኝ» አለች ኢትዮጵያ። «ሞታብኛለች።»

«ማን ነበር ስሟ?»

«ስም ሳይወጣላት ነው የሄደች።»

ሴትዮዋ በምጧ መሃል ትንፋሿን ሰብስባ እግዚአብሔር ያጥናሽ አለቻት። ኢትዮጵያ አሜን ብላ ውሃውን ልታመጣ ተነሳች።